አቶ ሰንበታና የኑሬ ጀልባ

ናዝሬት ሐይቅ የላትም። አዋሽም ቢሆን በዳር ያልፋታል እንጂ አይገባባትም። ውኃ በጋሪ እየዞረ በሚሸጥበት ሰፈራችን ግን ጀልባ አለ። ከአቶ ሰንበታ የብየዳ ቤት ግቢ፣ ከግራሩ ሥር ከተቀመጠ ዓመት ከሁለት ወር አልፎታል። እንግዳ ሲመጣብን «ከጀልባው ሁለት ቤት አልፈህ» ብለን መንገድ እናሳያለን። ተገልብጦ በከረመበት ጊዜ ሥሩ አንዲት ዶሮ ሁለት ጊዜ ፈልፍላለች።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ኑሬ የሚባል የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ የማኅበራቸውን የአልሙኒየም ጀልባ በሽንኩርት መኪና አስጭኖ አመጣ። ጀልባው ከታች፣ ከመጋጠሚያው ላይ፣ የሌባ ጣት የምታህል ስንጥቅ ነበረችው። አቶ ሰንበታ በከተማው የታወቁ በያጅ ናቸው፤ የግማሹ ሰፈር የብረት በር፣ የትምህርት ቤታችን ወንበር፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም አጥር የእጃቸው ሥራ ነው። ስንጥቋን ጎንበስ ብለው አዩና «ሻይ ጠጥተህ እስክትመለስ» አሉት። ኑሬ ሻዩን ጠጥቶ ሲመለስ ስንጥቋ የለችም። በቦታዋ መዳፍ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተቀምጧል።

ኑሬ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። እጁን በቀዳዳው አሳለፈ፣ ከወዲያ በኩል የወጡትን ጣቶቹን ትንሽ አያቸው፣ መልሶ አወጣቸው።

«ጋሼ ሰንበታ፣» አለ በመጨረሻ፣ «ባለቤቴን ኡሙሰልማን አምና ምጥ ይዟት በአርሲ በኩል ካለው ዳርቻ ወደ ዝዋይ ጤና ጣቢያ ያሻገርኳት በዚህ ጀልባ ነው። መሐል ሐይቅ ላይ ይቺ ስንጥቅ ተከፈተች። እኔ እቀዝፋለሁ፣ እሷ እያማጠች በማንቆርቆሪያ ውኃ ታወጣለች። አላህ አሻገረን፣ ልጁም ደህና ነው።»

«ተመስገን።»

«ተመስገን። ግን ነገም ስታረግዝ መንገዱ ያው ሐይቁ ነው። በመሬት ልዙር ቢባል ቀን ይፈጃል።»

አቶ ሰንበታ በተራቸው እጃቸውን በቀዳዳው አሳለፉ። ከዚያ «ጀልባውን ተውልኝ» አሉት።

«መቼ ልምጣ?»

«ሳውቅ።»

በየከተማው እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ፤ አንባቢም የራሱን ሰፈር ዞር ብሎ ቢያይ አያጣውም። አስተማሪ የማይጠብቅ ተማሪ ነው። ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥም ሦስት ብሎን ይተርፈዋል፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ አጥርቶ ያወራል። የተረፉትን ብሎኖች በጠርሙስ አስቀምጦ «የፋብሪካው ስህተት» ብሎ ይጠራቸዋል። «አላውቅም» ማለት አያሳፍረውም። የሚያሳፍረው ነገም «አላውቅም» ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ሆኖ ሲገኝ እንቅልፍ ይነሳል፤ ሲጠፋ ግን ከተማው ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ እንደተበላሸ ይቀራል።

ክቡር አቶ ሰንበታ የዚህ ወገን አለቃ ናቸው። የራሳቸው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ መምህር፣ ብቸኛ ተማሪና ዘበኛ እሳቸው ናቸው። አምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንድ አባባል አለቻቸው፤ ከአፋቸው ስትወጣ በቀን አሥር ጊዜ ሰምቻታለሁ፦ «ነገሩ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው እኔ አለማወቄ ነው።»

አንድ ሕግም አላቸው። የበየዱትን ነገር መጀመሪያ በገዛ አካላቸው ይሞክሩታል። መሰላል ሲሠሩ ጫፉ ላይ ወጥተው ይዘላሉ። የውኃ በርሜል ማስቀመጫ ሲሠሩ በርሜሉ ሞልቶ ሳለ ሥሩ ገብተው ይቀመጣሉ። «እኔ ያልቆምኩበት ላይ ሰው አይቆምም» ይላሉ። የሙሽራ አልጋ ሲሠሩ ብቻ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፉ ጣልቃ ገብተው «ይኼንንስ ሙሽራው ይሞክረው» አሉ ይባላል።

ይህችን ሕግ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ቤቴ ከጀልባው ሁለት ቤት አልፎ ነው። ኑሬ በሄደ በማግሥቱ አቶ ሰንበታ የቀለጠ አልሙኒየም በወረቀት ጠቅልለው መጡ።

«መምህር፣ ይኼ ብረት ሰላምታ አያውቅም።»

«እንዴት?»

«ብረት ሊቀልጥ ሲል ይቀላል። ከዚያ ብርቱካን ይመስላል፣ ከዚያ ይነጣል። ‹መጣሁ፣ ደረስኩ› ይላል። ይኼ ግን መልኩን ሳይለውጥ ድንገት እግርህ ሥር ይወድቃል።»

በጣም ደስ አለኝ፤ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበርና። አልሙኒየም አየር ሲያገኘው ከዓይን የሚሰወር ስስ ልብስ እንደሚለብስ አስረዳኋቸው። ገላው በስድስት መቶ ስድሳ ዲግሪ ይቀልጣል፤ ልብሱን ግን ሁለት ሺህ ዲግሪም አይበግረውም። ስለዚህ ልብሱ እንደ ከረጢት ይዞት ሳለ ውስጡ ውኃ ይሆናል። ከረጢቱ ሲቀደድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈስሳል።

«ታዲያ ልብሱን ማስወለቅ ነዋ።»

«ወዲያው መልሶ ይለብሳል። አየር ካገኘ።»

«እንግዲያው ከአየር መሰወር ነው።»

ሰማንያ ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህችን መልስ ለማግኘት አንድ ሴሚስተር ይፈጅብኛል።

ከወር በኋላ አቶ ሰንበታ ከአንድ የመንግሥት እርሻ ንብረት ጨረታ ላይ፣ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «ከአገልግሎት ውጪ» የተጻፈበት ትልቅ ሣጥን በጋሪ አስጭነው ገቡ። ምን እንደሆነ የሸጠውም አያውቅ፣ የገዛውም አያውቅ። ሣጥኑ ውስጥ የምሥራቅ ጀርመን መመሪያ ወረቀት፣ አፍንጫው ሸክላ የሆነ የእጅ መያዣና እርሳስ የመሰሉ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎች ነበሩ። ከትምህርት ቤት መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ ሁለታችን ተደፍተን፣ ወረቀቱን በሦስት ሳምንት አነበብነው። ማሽኑ ባለሙያዎቹ «ቲግ» የሚሉት የብየዳ ዓይነት ነው። ዘንጎቹ ተንግስተን ናቸው፤ እንደ ተራው ኤሌክትሮድ ራሳቸው አይቀልጡም፣ እሳቱን ብቻ ያነሳሉ። የሚቀልጠውን ሽቦ በያጁ በሌላ እጁ እየመገበ ይሄዳል። በሸክላው አፍንጫ ዙሪያ ደግሞ አርጎን የሚባል ጋዝ እየፈሰሰ አየሩን ያባርራል።

«አርጎን ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ምንም አይሠራም። ከምንም ነገር ጋር አይዋሃድም፣ አይቃጠልም፣ አያቃጥልም። ስሙም ‹ሥራ ፈት› ማለት ነው።»

«ዘበኛ ነው በለኛ» አሉ። «ዘበኛም ሥራው ምንም ሳይሠራ ቆሞ መዋል ነው። እሱ ስላለ ግን ሌባው አይገባም።»

ይህን ምሳሌ ከዚያ ወዲህ በክፍሌ ውስጥ እጠቀምበታለሁ። ግን ማስረዳት ብቻውን አደገኛ መሆኑን የተማርኩትም ያኔ ነው። አርጎን በከተማው የለም። አቶ ሰንበታ እኔን ሳያማክሩ «እሳት የሚያጠፋ ጋዝ ሁሉ ዘበኛ ይሆናል» ብለው ደመደሙ፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ አረፋ የሚፈጥረውን ጋዝ ከአንድ ወዳጃቸው በሲሊንደር አምጥተው ገጠሙት። ድምፁ በቆሎ የሚቆላ ይመስል ነበር። ጭሱ ሲገፈፍ የመጀመሪያው ተንግስተን እንደ ሻማ ተንጠባጥቦ አገኘነው፣ የተበየደው ቦታም ከሰል መስሏል። ያ ጋዝ በተራ ሙቀት ሥራ ፈት ይመስላል እንጂ በእንዲህ ያለ እሳት ፊት ኦክስጅኑን ይለቃል። ሌባውን በር ከፍቶ የሚያስገባ ዘበኛ ነው። ይህን ቀድሜ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነበር።

«ሁለት ቀሩን» አሉ አቶ ሰንበታ፤ ጉንጫቸው ላይ ያለውን ጥላሸት እንኳ አልጠረጉም።

ሰፈሩ በዚህ ጊዜ ስም አውጥቶላቸው ነበር። ልብስ ሰፊው ሐጂ ሳሊህ ሱቃቸው ከግቢው ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ጠዋት መቀሳቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ።

«ነቢዩ ኑሕ፣ እንዴት አደሩ? ጎርፉ መቼ ነው?»

«ደህና አደሩ ሐጂ። ገና ነው።»

«ኑሕ እኮ ጎርፉ ሳይመጣ ነው የጨረሰው።»

«ኑሕ የሠራው በእንጨት ነው ሐጂ። አልሙኒየም ቢሰጡት እናየው ነበር።»

ግማሽ ሲሊንደር እውነተኛ አርጎን ከደብረ ዘይት፣ በዘመድ ዘመድ በኩል ተገኘ። አሁን ሌላ እንቆቅልሽ መጣ። ጠዋት የተበየደው ቁራጭ ብር ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ የተበየደው፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ማሽን፣ እንደ ዳቦ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። አቶ ሰንበታ አልተበሳጩም። ደብተር አወጡና የእያንዳንዱን ቁራጭ ሰዓት መጻፍ ጀመሩ። በአሥረኛው ቀን ደብተሩን አሳዩኝ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ያለው ሁሉ የተበላሸ ነው። ሁለታችንም ደብተሩን እያየን ሳለ የከተማችን ነፋስ ከግቢው አቧራ አንስቶ ፊታችን ላይ በተነው።

«ዘበኛውን እየወሰደብን ነው» አሉ ዓይናቸውን እያሹ።

ናዝሬት ነፋስ የሌለበትን ሰዓት የምታውቀው በማለዳ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራው ጎህ ሲቀድ፣ በጆንያ መጋረጃ ተከልሎ ሆነ።

የቀረው ግራ እጅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ እጅ ብቻ የበየደ ሰው፣ አሁን ቀኝ እጁ እሳቱን ሲመራ ግራው ሽቦውን ቀስ እያለ፣ ጠብ ጠብ እያደረገ መመገብ አለበት። ግራ እጃቸው ፈጽሞ ማይም ነበር። ስለዚህ አቶ ሰንበታ የትም ሲሄዱ የመጥረጊያ ሰበዝ ይዘው በግራ አውራ ጣታቸው እየገፉ ያሳልፉ ጀመር። ሰርግ ላይ ያሳልፋሉ። ለቅሶ ቤት ያሳልፋሉ። አንድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበራችን ጓድ ዘገዬ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ጓድ ሰንበታ፣ እጅዎን ያነሱ መሰለኝ። አስተያየት አለዎት?»

«የለኝም ጓድ ሊቀመንበር። ግራ እጄ መሠረተ ትምህርት ላይ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ዘገዬ ግን አልሳቁም፤ መሠረተ ትምህርት የሚሳቅበት ጉዳይ አልነበረም።

መለማመጃ ብረት ሲያልቅ አቶ ሰንበታ ፊታቸውን ወደ ድስት አዞሩ። በየቤቱ የተቀደደ የአልሙኒየም ድስት አይጠፋም። ወይዘሮ ዘርፉ በመጀመሪያ የራሳቸውን አስረከቡ። «ሦስት ድስት ነበረኝ፤ አንዱ ወንፊት ሆኖ ተመለሰ» ይላሉ፤ ቢሆንም ለጎረቤት ወሬውን ያዳረሱት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሴቶች ድስታቸውን ይዘው ከጀልባው አጠገብ ይሰለፋሉ። ብየዳው መጀመሪያ የጉንዳን መንገድ ይመስል ነበር፤ ከዚያ የተደረደረ ሳንቲም መሰለ። ዓሣ ቅርፊቱ እንዴት እንደተደራረበ ያየ ሰው ጥሩ ብየዳ ምን እንደሚመስል ያውቃል።

እዚህ ላይ አቶ ሰንበታ ያገኙትን ግኝት በሙሉ አክብሮት መመዝገብ አለብኝ። ውኃ ብቻ ሲፈላበት የኖረ ድስት ጸጥ ብሎ ይበየዳል። ወጥ ሲሠራበት የኖረ ግን ምንም ቢታጠብ ይተፋል፣ ይጠቁራል፤ ቅባቱ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይደበቃልና። ስለዚህ ብየዳው ድስቱ ምን እንደበላ ይናገራል። ንጹሕ ሳይንስ ነው። ስህተቱ ሳይንሱን ጮክ ብሎ መናገሩ ላይ ነበር። ዘይት ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ፣ በራሽን፣ በወር አንዲት ጠርሙስ ነው። የማን ቤት ስንት ጠርሙስ እንደሚገባው ሁሉም ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ አንዱ ድስት እሳቱ ገና ሲነካው እንደ ርችት ተፋ። አቶ ሰንበታ ማስካቸውን አነሱ። በደስታ ነበር የተናገሩት፤ አዲስ ማስረጃ ያገኘ ተመራማሪ ደስታ ነበር።

«ይኼን ተመልከቱ፤ ይኼ ድስት ዘይት ጠግቦ ነው የኖረው። በወር አንድ ጠርሙስ እንዲህ አያደርግም። የማን ነው?»

ድስቱ የወይዘሮ የሺዓለም ነበር። ወይዘሮ የሺዓለም የሊቀመንበሩ የጓድ ዘገዬ ባለቤት ናቸው።

«የእናቴ ድስት ነው፤ ከገጠር የመጣ» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም፤ ትኩሱን ድስት በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድም ድስት አልመጣም። ሰኞ የመጣው የቀበሌው መጥሪያ ነበር። ሐጂ ሳሊህ እንኳ ያን ቀን ስለ ጎርፉ አልጠየቁም። አቶ ሰንበታ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ፤ እኔም የጋዙን ጉዳይ ለማስረዳት በሚል ሰበብ ተከተልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ብቻቸውን እንዲሄዱ ስላልፈለግሁ ነው።

ጓድ ዘገዬ ከጠረጴዛቸው ቀና አላሉም።

«ጓድ ሰንበታ፣ ሥራዎ ብየዳ ነው ወይስ ምርመራ?»

«ብየዳ ነው።»

«ታዲያ የሰው ጓዳ ምን አገባዎት?»

«ጓዳ አላየሁም ጓድ ሊቀመንበር። ያየሁት ጭስ ነው።»

«ያንን ማሽን ዛሬ ላሽገው እችላለሁ። ፈቃድ የለውም።»

«ይችላሉ» አሉ አቶ ሰንበታ። ሰበዙ በግራ እጃቸው ላይ ቆመ። «ካሸጉት ግን ጀልባው ተቀዶ ይቀራል። የቀደድኩት እኔ ነኝ። የዝዋዩ ኑሬ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ባለቤቱ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ በሰኔ ትወልዳለች። ከአርሲ ዳርቻ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በዚያ ጀልባ ነው። ካቻምና እያማጠች ውኃ ስትቀዳ ነው የተሻገረችው። በማንቆርቆሪያ።»

ጓድ ዘገዬ ያኔ ቀና አሉ። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እናቴ የመቂ ሰው ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሐይቁን አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ክፉ ነው።» ከዚያ ተመልሰው ሊቀመንበር ሆኑ። «ድስት መበየድ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።»

«ይቁም።»

«ሌላስ ምን ያስፈልግዎታል?»

ያስፈለጋቸው አርጎን ነበር፤ ግማሹ ሲሊንደር በድስት አልቋል። ሊቀመንበሩ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጻፍ አዘዙ። ጸሐፊው የጋዙን ዓይነት ሲጠይቅ አቶ ሰንበታ በቅንነት «ሥራ ፈት ጋዝ» አሉ። ጸሐፊው እጁን ከመጻፊያ መኪናው ላይ አነሳ።

«በዚህ ማኅተም ሥር ‹ሥራ ፈት› የሚል አይጻፍም» አሉ ጓድ ዘገዬ። «‹ጠባቂ ጋዝ› በለው።»

ከዚያ የተሻለ ስም እኔም በመዝገበ ቃላት አላገኘሁም።

ደብዳቤው ሲሊንደሩን አመጣ። ቀዳዳው በአልሙኒየም ቁራጭ ተሸፍኖ ዙሪያውን መበየድ ነበረበት። አቶ ሰንበታ ለመመገቢያ ሽቦነት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመድ አልሙኒየም ሞከሩ፤ የተበየደው ሲቀዘቅዝ ስንጥቅ አወጣ። ሁለት ቀን አሰቡ። በሦስተኛው ቀን መጋዝ አንስተው የጀልባውን የራሱን መቀመጫ ቆረጡት፣ በቀጭን በቀጭኑ ሰነጠቁት። ከአንድ ብረት የወጣ ከዚያው ብረት ጋር ይስማማል። እኔ ይህን አላስተማርኳቸውም፤ የጀርመኑም ወረቀት አልጻፈውም። በስድስት ማለዳ፣ ሱታ ሱታ እያሉ፣ ዙሪያውን ዘጉት። ሱታ በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። ራሳቸውን ነው ቀስ በል የሚሉት። ሁለተኛው ተንግስተን በአራተኛው ማለዳ ተሰበረ። አንድ ቀረ።

አሁን መፈተን አለበት። ጀልባ የሚፈተነው ውኃ ላይ ተቀምጦ ነው፤ እኛ ግን ውኃውን ጀልባው ላይ አስቀመጥነው። በድንጋይ ከፍ አድርገን ቀና አደረግነው፣ ሥሩ ደረቅ ጋዜጣ ዘረጋን። ወሬው ተሰምቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ይዞ መጣ፤ ውኃ በወረፋ በሚቀዳበት ሳምንት ነው የምነግራችሁ። ሐጂ ሳሊህ ባልዲ ሙሉ ይዘው መጡና «ጎርፉን ይዤ መጥቻለሁ» አሉ። በመጨረሻ ወይዘሮ የሺዓለም ማንም የማያውቀው አዲስ ድስት ሙሉ ውኃ አምጥተው ምንም ሳይናገሩ ገለበጡ። ከዝዋይ የመጣው ኑሬ ከጎን ቆሞ ጺሙን ይነካካል።

ግማሽ ሰዓት ጋዜጣው ደረቅ ሆኖ ቆየ። ከዚያ፣ የብየዳው መስመር ካለቀበት ጫፍ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ወረደች።

ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። በየአራት ደቂቃው አንድ ጠብታ ነው። አስልቼ ለኑሬ ነገርኩት፤ ሐይቁን አቋርጦ እስኪመለስ አንድ ስኒ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ይኼማ ጤዛ ነው» አለ ኑሬ ፊቱ በርቶ። «ዛሬውኑ ልውሰደው።»

አቶ ሰንበታ ከጀልባው ሥር በጀርባቸው ተኝተው ጠብታዋን ያያሉ። «ኑሬ፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ስንጥቅ ስትጀምር ስንት ጠብታ ነበረች?»

ኑሬ ከጠብታዋ ሥር መዳፉን ዘረጋ።

ስህተቱን ራሳቸው አገኙት። መስመሩን ሲጨርሱ ቸኩለዋል። እሳቱን በአንዴ ሲያነሱት መጨረሻው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቀራል፤ ጉድጓዱ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በያጁ ሲጨርስ ቆም ብሎ ጉድጓዱን መሙላት፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላም እስኪቀዘቅዝ ዘበኛውን እዚያው ማቆየት አለበት። በመጨረሻው ተንግስተን፣ የሲሊንደሩ መለኪያ ከዜሮ በላይ አንድ ጣት ላይ እያለ፣ በማግሥቱ ማለዳ ሠሩት። የዚያን ቀን ነፋሱ ቀድሞ ተነሳ። ጋቢዬን በሁለት እጄ ዘርግቼ እንደ ግድግዳ ቆምኩ፤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ብርሃኑ ግን በዓይኔ ቆብ በኩል ይገባል። «ሱታ» ሲሉ እሰማለሁ። «ሱታ።» ከዚያ እሳቱ ጠፋ፤ የጋዙ ፉጨት ግን ቀጠለ። እሱም ሲያበቃ ሲሊንደሩ ባዶ ነበር።

ውኃውን መልሰን ሞላን፤ ጋዜጣው ያን ቀን እስከ ማታ ደረቅ ሆኖ ዋለ። ጋዜጣውን አስቀምጬዋለሁ።

ኑሬ መኪና ይዞ ሲመጣ ጉዳዩ ያለቀ መስሎን ነበር። አቶ ሰንበታ ግን እጃቸውን ጀልባው ላይ ጭነው ቆሙ።

«መጀመሪያ የምሻገርበት እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ ወይዘሮ ዘርፉ፣ «ዋና መቼ ታውቃለህ? ገንዳ ውስጥ ገብተህ የማታውቅ ሰው።»

«ለዚህ ነው እንጂ። ዋና የሚያውቅ ሰው ቢቀመጥበት ምኑን ፈተና ሆነ? ኡሙሰልማ ዋና ታውቃለች?»

ኑሬ በአሉታ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲህ እኔ ያልተቀመጥኩበት ላይ እሷ አትቀመጥም። መሐል ሐይቅ ደርሼ እመለሳለሁ። ግን ሞኝ አይደለሁም፤ ሁለት ሳምንት ስጠኝ።»

ይህን የምጽፈው ሶደሬ፣ ከመዋኛው ገንዳ ዳር ተቀምጬ ነው። ሰኔ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። የተማሪዎቼን ፈተና ላርም ይዤ መጥቼ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ወረቀት አላረምኩም። ዝቅ ብዬ ስመለከት እርሳሱ በግራ እጄ ውስጥ ነው፤ አውራ ጣቴ ቀስ እያለ ወደፊት ይገፋዋል። ለኑሬም ሁለት ሰው እንደሚሳፈር ነግሬዋለሁ። ወይዘሮ ዘርፉ ማስታወስ የረሱት እኔም ዋና እንደማላውቅ ነው።

አቶ ሰንበታ ከደረታቸው በላይ በማይደርስ ውኃ ውስጥ ጉልበታቸውን አጥፈው፣ የገንዳውን ጠርዝ በግራ እጃቸው ጨምድደው ይዘዋል። ሞቅ ያለው ውኃ አገጫቸው ድረስ ይመጣና ይመለሳል። አስተማሪ ልቅጠርልዎ ብያቸው ነበር፤ የማይሆን ነገር የጠየቅኋቸው ይመስል አዩኝ። ጠዋት ቀኝ እጃቸውን ለቀው ነበር። አሁን ግራቸው ብቻ ቀርቷል፤ አንድ አንድ ጣት እያነሱ ነው።

«መምህር፣» አሉኝ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ዓይናቸውን ከውኃው ላይ ሳይነቅሉ፣ «ነገሩ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ጠርዙን ለቀቁት።